ውሃዋን ተከትላ የወጣችው ሴት

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገሩኝ አቶ ይመኑ ናቸው። በአገራችን የመስኖ ተራ የሚያከፋፍሉና በውሃ የተጣላውን የሚዳኙ የውሃ አባት ነበሩ። እኔ ደግሞ ለድሮ ተማሪዬ ለስንዱ ነገርኋት። ወንድሟ በሰው አገር ያለ ፈቃድ ገብተሃል ተብሎ ታስሯል።

«ጋሼ፣ ዓርብ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ‹ለምን መጣህ?› ሲሉት ምን ይበል? ይለምናቸው?» አለችኝ።

እንዲህ ብዬ ጀመርሁላት፦ አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ቸኮልሁ፤ ሀብታም የሆነው በኋላ ነው። አንድ ሰው ነበረ፣ እርሻው ከወንዝ ራስጌ የሆነ። ክረምት ሊገባ ሲል ቦይ ቆፍሮ ወንዙን እንዳለ ወደ ማሳው መለሰው፤ ጎርፉም የዶማውን ዱካ አጠበለት። በደንቡ ቦይ ያወጣ ሰው ውሃውን ለግርጌዎቹ በተራ ያካፍላል። ስለዚህ በተከሰሰ ጊዜ «እኔ አልቆፈርሁም፤ ወንዙ ራሱ መንገዱን ለወጠ» ብሎ ማለ። ምስክር ጠፋና ተለቀቀ። እሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ያጭድ ጀመር፤ የግርጌው አገር ግን ደረቀ።

ከግርጌ አንዲት መበለት ልጇን አዝላ፣ ዶማዋን ይዛ ወጣች፤ ከውሃው ዳር ጎመን ተከለች። ሰውየው ከዚያ አገር የውሃ አባት ፊት አቆማት።

«ከመሬቴ እንድትገቢ ማን ፈቀደልሽ?» አላት።

«ለወንዙስ ማን ፈቀደለት?»

«ወንዙ ራሱ መጣ ብዬ ምያለሁ።»

«እኔም ራሴ መጣሁ፤ እግር አለኝ» አለችው። ሸንጎው ሳቀ።

የውሃ አባቱ ግን አልሳቁም። «የወንዝ ዳር የማንም አይደለም፤ የመጣ ሁሉ ይተክልበታል። እንግዲህ ይህ ወንዝ ነው ወይስ ቦይ?» ብለው ጠየቁት።

ሰውየው ጨነቀው። ወንዝ ነው ቢል ዳርቻው የእሷም ነው፤ ቦይ ነው ቢል በሐሰት ምሏል። በመጨረሻ «ግድ የለም፣ ስለ ነፍሴ ብዬ ቁራሽ መሬት ልስጣት» አለ።

«ስለ ነፍስህ የምትሰጠውን ለቤተ ክርስቲያን ስጥ። እኔ የመጣሁት ለተራዬ ነው» አለችው። ከዚያም ዶማዋን አንሥታ፣ ወንዙ ወደ ግርጌ ይወርድበት የነበረውን የተደፈነ አፍ በሰው ሁሉ ፊት ከፈተችው። የውሃ አባቱ አልከለከሏትም።

ስንዱ ልጄ፣ በክፍል ውስጥ ይህ ታሪክ ስለ ርኅራኄ ነው እያልሁ አስተምር ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ስለ ፍርድ ነው። የድሃ አገር ወርቅና ጉልበት ወደ ባለጸጋው አገር ሲፈስ ‹ፈቃድህ የት አለ?› ያለው ዘበኛ የለም። በሩ የተዘጋው ሰዎቹ የራሳቸውን ተከትለው ሲመጡ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ አንገቱን አይድፋ። ‹ውሃዬ ወደዚህ ስለ ፈሰሰ መጣሁ፤ የምጠይቀውም ምጽዋት ሳይሆን ተራዬን ነው› ይበል። ራስጌ የተቀመጠው ብቻውን ያወጣውን ደንብም ደንብ ብሎ አይቀበል።

«ቢያባርሩትስ?» አለችኝ።

«ሊያባርሩት ይችላሉ። ለምኖ ከሚባረር ግን ተሟግቶ ይባረር።»

ከዓርብ በፊት እንዲደርሰው በጽሑፍ ስጠኝ አለችኝ። አርባ ዓመት በቃል ብቻ ስናገረው የኖርሁትን፣ ማክሰኞ ሰኔ ሦስት ቀን ጻፍሁት።