የባለመቶ ግመሉ ዋስ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያውስ፤ ጉልበት ያለው ታናሹን ይቀፍ።

በድሮ ዘመን፣ ተራራና ሜዳ እንደ ጎረቤት «ደህና አደርክ» በሚባባሉበት ዘመን፣ ሦስት አገሮች ነበሩ። አንዱ የገብስ አገር ነው፤ ብርድ አለበት፣ ሕዝቡ ቁጡ ነው። አንዱ የጥጥ አገር ነው፤ ሙቀት አለበት፣ ሕዝቡ ተጫዋች ነው። በመካከላቸው ያለው የጤፍ አገር ነው፤ ሕዝቡ ጨዋ ነው፣ ይሉኝታ ይዞት ይሞታል።

ሦስቱም የየራሳቸው ንጉሥ፣ የየራሳቸው ሕግ፣ የየራሳቸው ኬላ ነበራቸው። በየኬላው በር ላይ አንድ በረኛ ይቆማል።

የጤፍ አገሩ በረኛ ባንተይርጋ ይባላል። ባንተይርጋ ተጠራጣሪ ሰው ነው። ሌላውን ከመጠርጠሩ በፊት ራሱን ይጠረጥራል። በሩን ከዘጋ በኋላ ተመልሶ ይገፋዋል፤ ከገፋው በኋላ ደግሞ ተመልሶ ያየዋል። ሰዎች «ሚስቱን እንኳ ያገባት ሦስት ጊዜ ጠይቆ ነው፤ ሁለቴ እሺ ብላው» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ወደ አገሩ የሚገባውን ነጋዴ ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ከየት መጣህ? ምን ጫንክ? ዋስህ ማን ነው?

ዋስ ማለት፣ ልጆች፣ እንግዳው ቢያጠፋ «እኔ አለሁ፣ እኔን ጠይቁ» ብሎ የሚቆም ሰው ነው። ባንተይርጋ ዋሱን ቤቱ ድረስ ሄዶ በዓይኑ ሳያይ ማንንም አያስገባም።

አንድ ቀን አቧራ ተነሣ። ከአቧራው ውስጥ ግመል ወጣ፤ ከግመሉ ኋላ ግመል፣ ከዚያም ኋላ ግመል። መቶ ሲሞላ አቧራው አበቃ። ከፊት ከፊት ሐር የለበሰ ነጋዴ ይሄዳል።

«ከየት መጡ፣ ጌታው?» አለ ባንተይርጋ።

«ከባሕር ማዶ።»

«ምን ጫኑ?»

«ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ብርጭቆ፤ አንተ ያላየኸውንም ሁሉ።»

«ዋስዎ ማን ናቸው?»

ነጋዴው ፈገግ አለ። «የጥጥ አገር ንጉሥ።»

ባንተይርጋ እጁን ወደ በሩ ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። በእነዚያ አገሮች የንጉሥ ስም ከተጠራ በኋላ «እውነት ነው ወይ?» ማለት ትልቅ ነውር ነው። ሆዱ «ሂድና ጠይቅ» አለው። ይሉኝታው «ተው፣ ንጉሥ አይጠየቅም» አለው። በሩን ከፈተ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዋስ ሳያይ በር ከፈተ።

መጀመሪያ ደስታ ሆነ። ጨው ረከሰ፤ በየቤቱ ብርጭቆ ገባ። የሰውየው ዕቃ መልካም ነበር፤ ይህስ አይካድም። ነገር ግን ነጋዴው ከገበያው አልፎ ንጉሡ ዘንድ ገባ።

«ንጉሥ ሆይ፣ የኬላውን ቀረጥ ያንሱልኝ። ሁለቱ ጎረቤቶችዎ አንሥተውልኛል። እርስዎ ካላነሡ ግመሎቼ ወደ እነሱ ይዞራሉ።»

ንጉሡ ጎረቤት እንዳይበልጠው ፈራና አነሣ። በቀረጡ ይቀለቡ የነበሩት ድልድይ ጠጋኞች ተበተኑ፤ ድልድዩም ዘመመ።

በሁለተኛው ወር ነጋዴው ተመልሶ መጣ። «ንጉሥ ሆይ፣ የወንዙን ዳር ለግመሎቼ ይስጡኝ። ሁለቱ ጎረቤቶችዎ ሰጥተውኛል። እርስዎ ካልሰጡ ግመሎቼ ወደ እነሱ ይዞራሉ።»

ንጉሡ ሰጠ። የአገሬው ከብት ውኃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ጀመረ።

በሦስተኛው ወር ነጋዴው ተመልሶ መጣ። «ንጉሥ ሆይ፣ ሰዎቼ ከአገርዎ ሰው ጋር ቢጣሉ ዳኛው እኔ ልሁን። ሁለቱ ጎረቤቶችዎ ፈቅደውልኛል።»

ይህኛው ንጉሡን ከበደው። ዳኝነቱን ከሰጠ በኋላ ዘውዱ ምን ሊሠራለት ነው? ቢሆንም ፈራ። «ቅዳሜ፣ በገበያው ፊት አዋጁን አስነግራለሁ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በዚያው ሳምንት ግመሎቹ የእትዬ አስካለን የሽምብራ እሸት በልተው ጨረሱት። እትዬ አስካለ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያላት ያ አንድ ማሳ ብቻ ነው። ዳኛው ዘንድ ብትሄድ «እስከ ቅዳሜ ቆዪ። ከቅዳሜ በኋላ ዳኛው ራሱ ነጋዴው ነው አሉ» አላት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ኬላው ወረደች።

«ባንተይርጋ፣ ለመሆኑ ይህን ሰውዬ ማን ነው ያስገባው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ዋሱን አሳየኝ። ነጠላዬን ከነጠላው ቋጥሬ ዳኛ ፊት አቆመዋለሁ።»

«ዋሱማ ንጉሥ ናቸው። የጥጥ አገር ንጉሥ።»

«ንጉሥም ነጠላ ይለብሳል። በዓይንህ አየኻቸው?»

ባንተይርጋ መሬት መሬት አየ። «አላየኋቸውም።»

«አንተ? ሚስቱን ሦስቴ የጠየቀው ሰውዬ?» እትዬ አስካለ በሩ ሥር ተቀመጠች። «እስከ ቅዳሜ አራት ቀን አለህ፣ እግርም አለህ። በሩን እኔ እጠብቀዋለሁ። ግመል ከመጣ ዱላ ይዣለሁ።»

ባንተይርጋ ገሠገሠ። የጥጥ አገሩን በረኛ ጉግሳን ከዛፍ ጥላ ሥር ተጋድሞ አገኘው።

«ዋሱ የእኛ ንጉሥ?» አለ ጉግሳ እየሳቀ። «ለእኛ የነገረን የገብስ አገር ንጉሥ ነው ብሎ ነው። ነውር ነው ብለን አልጠየቅንም።»

«ቀረጡንስ ማን ቀድሞ አነሣ?»

«እናንተ ናችኋ። እናንተ አነሣችሁ ሲለን አነሣን።»

«እኛ ያነሣነው እናንተ አነሣችሁ ሲለን ነው።»

የጉግሳ ሳቅ ቆመ። «ዳኝነቱንስ ሰጣችሁት?»

«ቅዳሜ ሊታወጅ ነው። እናንተ ሰጥታችኋል ተብሏል።»

«ኧረ እኛ ገና ነን። ንጉሣችን የእናንተን ቅዳሜ ነው የሚጠብቁት። እናንተ ካወጃችሁ እሳቸውም ሊያውጁ ነው።»

ጉግሳ ለንጉሡ ነግሮ፣ ቃሉን ተቀብሎ፣ ከባንተይርጋ ጋር ወደ ገብስ አገር ወጣ። በረኛው ደምሌ በሩ ላይ ቆሞ ተቆጣቸው።

«ምን ልትጠይቁ መጣችሁ? ዋሱ የጤፍ አገር ንጉሥ ናቸው። ንጉሣችሁ የገቡበትን ዋስትና እናንተ አታውቁም?»

ሁለቱ ነጋዴው ለየአገራቸው ያለውን በየተራ ነገሩት። ደምሌ ነገሩ ሲገባው በሩን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ለካ አንዳችን የሌላውን ጀርባ እያየን ስንሮጥ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የሚያሯሩጠን አንድ ሰው ነው።» ተነሥቶም ወደ ንጉሡ ሄደ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሦስቱ በረኞች እየተጣደፉ ወደ ገበያው ተጠጉ። ባንተይርጋ በመንገድ ላይ «እርግጠኛ ናችሁ?» ብሎ ሦስቴ ጠይቋቸዋል። ጉግሳም «አራተኛ ከጠየቅኸኝ ወደ አገሬ እመለሳለሁ» ብሎታል።

ነጋሪቱ ተጎስሟል። አዋጅ ነጋሪው አፉን ሊከፍት ነው። ባንተይርጋ ወደ ፊት ወጣ።

«ንጉሥ ሆይ፣ በሥራዬ ያጎደልኩት አንድ ጥያቄ አለ። ከአዋጁ በፊት ይፈቀድልኝ።» ንጉሡ በእጁ ፈቀደለት። ባንተይርጋ ወደ ነጋዴው ዞረ። «ጌታው፣ ዋስዎ ማን ናቸው?»

«ነገርኩህ እኮ። የጥጥ አገር ንጉሥ።»

«ንጉሤ ለዚህ ሰው ዋስ ሆነው አያውቁም» አለ ጉግሳ።

ነጋዴው ወደ ጉግሳ ዞር አለ። «ተሳስቼ ነው። የገብስ አገር ንጉሥ ማለቴ ነው።»

«የእኔ ንጉሥ ‘ስሜን ይዞ የሚዞረውን አምጡልኝ’ ብለዋል» አለ ደምሌ።

ነጋዴው ወደ ዙፋኑ ዞረ። «እንግዲያስ ዋሴ እርስዎ ነዎት፣ ንጉሥ ሆይ።»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ንጉሡ ግን አልሳቀም። ከዙፋኑ ተነሣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ጎረቤቶቼን ፈርቼ ቀረጤን አነሣሁ፤ ጎረቤቶቼን ፈርቼ ወንዜን ሰጠሁ። አንድ ሰው ልኬ ግን አልጠየቅኋቸውም። አዋጁ ቀርቷል። በዚህ አገር ዳኛው የዚህ አገር ዳኛ ነው።»

«እንግዲያው ግመሎቼን አዞራለሁ» አለ ነጋዴው። «ጨው ከየት እንደምታገኙ አያለሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ ጨው መደቡ ዞሮ አየ። ጨው እኮ ጨው ነው። ባንተይርጋ ግን ያን ጊዜ ራሱን ሳይጠይቅ ተናገረ።

«በየት በኩል ያዞሯቸዋል?»

ነጋዴው ወደ ቀኝ አየ፤ ደምሌ ቆሟል። ወደ ግራ አየ፤ ጉግሳ ቆሟል። ከፊቱ ባንተይርጋ አለ። ሦስት በር አየ፤ ከሦስቱም የሚሰማው ቃል ግን አንድ ነው።

«ምን ትፈልጋላችሁ?» አለ በመጨረሻ።

«ዋስ» አለ ባንተይርጋ። «በዓይን የሚታይ ዋስ።»

ከገበያው ሁሉ አንድም እጅ አልተነሣም። ከዚያ እትዬ አስካለ ከነዱላዋ ሰው እየሰነጠቀች መጣች።

«ሽምብራዬን ይተካ፤ ሰዎቹም ማሳዬን አጥረው ይስጡኝ» አለች። «ቀረጡን ይክፈል፣ ወንዙን ለከብቱ ይልቀቅ። ያን ጊዜ ዋሱ እኔ እሆናለሁ።»

«እትዬ፣ አብደሻል?» አሉ ጎረቤቶቿ።

«ምን ላድርግ ታዲያ? አባርሬው ሽምብራዬን ያለ ጨው ልቆላ?» ወደ ነጋዴው ዞረች። «አንተ ሰውዬ፣ ብታጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እኔ ከተጠየቅሁ ደግሞ አንተን መጠየቅ አውቅበታለሁ።»

ነጋዴው ግመሎቹን አየ፣ በሮቹን አየ፣ ዱላዋን አየ። ጎንበስ ብሎ እሺ አለ።

ከዚያ ወዲያ ሦስቱ ነገሥታት በየዓመቱ ወሰናቸው ላይ እየተገናኙ በቃላቸው ይነጋገሩ ጀመር። ገብሱ ገብስ፣ ጥጡ ጥጥ፣ ጤፉም ጤፍ ሆኖ ቀረ፤ ማንም የማንንም ሕግ አልለበሰም። ድልድዩም ቀና።

ባለመቶ ግመሉም በሄደበት አገር ሁሉ፣ ከባሕር ማዶም ጭምር፣ «ዋስህ ማን ነው?» ሲሉት የንጉሥ ስም መጥራት ተወ። «የጤፍ አገር ሴት ናት» ይላል ቆቡን አውልቆ። «አንድ ማሳ ሽምብራ አላት።» ይህን የሰሙ የጤፍ አገር ሰዎች ሲራመዱ አንገታቸው ቀና ይል ነበር ይባላል።

ስለዚህ ልጆች፣ በር የሌለው ቤት ጎዳና ነው፤ በሩ የማይከፈት ቤት ደግሞ መቃብር ነው። እንግዳ ሲመጣ ክፈቱ፤ ከመክፈታችሁ በፊት ግን ጠይቁ። «ጎረቤትህ እንዲህ አለ» ሲሏችሁም ጎረቤታችሁን ራሱን ጠይቁት።

ተረቱ ገባ፣ ወጉ አበቃ። ለተረተ ቆሎ፣ ለሰማ ልቦና ይስጥ።