ቆቅ ከበሮው ላይ የተወችው ላባ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ። ጅራት ያላችሁም ሰብሰብ አድርጋችሁ ተቀመጡ።

ድሮ፣ እንጨትና ቆዳ በሚናገሩበት ዘመን፣ በአንድ ሸለቆ የሚኖሩ እንስሳት ነበሩ። እህል ተወቅቶ አውድማው ባዶ ሲሆን ቀን ቀን እዚያ እየተሰበሰቡ ይጫወቱ ነበር። ፍየል ነብርን ትሆናለች፤ አህያ ንጉሥ ይሆናል፤ የቀረው ይስቃል። ግን ሕግ ነበራቸው። በአውድማው መካከል አባ ከበሮ የሚባል ያረጀ ከበሮ ተቀምጧል። የሚጫወት ሁሉ አስቀድሞ ከገላው ፀጉር ወይም ላባ ነቅሎ ከበሮው ላይ ያኖራል። ከዚያ “እኔ እገሌ ነኝ፤ አሁን እገሌን እሆናለሁ” ይላል። ጨዋታው ሲያልቅ ምልክቱን አንስቶ ወደ ራሱ ይመለሳል።

አንድ ዓመት አያ ቀበሮ ወደ አውድማው መጣ። ሥጋ መብላት እንደተወ፣ አሁን ጨዋታ ብቻ እንደሚያምረው ተናገረ። ፍየል አመነችው። አህያም አመነው። እትዬ ቆቅ ግን አላመነችውም። ቆቅ ስድስት ጫጩቶች ነበሯት። ጫጩቶቿ የሚያድሩት አውድማው ላይ የረገፈውን እህል ለቅመው ነው። ቅጠል ሲወድቅ እንኳ “ማነው የጣለው?” ብላ የምትጠይቅ ስለሆነች፣ ጥርጣሬዋን የሚሰማት አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን ቀበሮ ከጅራቱ ፀጉር ነቅሎ ከበሮው ላይ አኖረ። ስሙን ተናገረና አንበሳን ሆነ። ደረቱን ነፍቶ ሊያገሳ ሲል ድምፁ ቀጥኖ ቀረ። ሁሉም ሳቀ። ቆቅ አልሳቀችም። ሲያገሳ ዓይኑ ጫጩቶቿ ላይ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ደግሞ ፀጉር ነቀለ፣ ስሙን ተናገረ፣ አህያን ሆነ። አቧራ ላይ ተንከባለለ። አህያ ራሱ እስኪያነባ ድረስ ሳቀ። ቆቅ አልሳቀችም። ቀበሮ በተንከባለለ ቁጥር ወደ ጫጩቶቿ አንድ ክንድ ይቀርብ ነበር።

“እትዬ ቆቅ፣” አለች ፍየል፣ “አንቺ እኮ ጥላሽን እንኳ ማነህ ሳትዪ አታሳልፊም።”

በሦስተኛው ቀን ቀበሮ ራሱ አልመጣም፤ በፍየል በኩል መልእክት ላከ። ዛሬ ለቅሶ እንጫወት አለ። እሱ ሟች ሆኖ ከጉብታው ጀርባ ተኝቶ ይጠብቃል። በቃሬዛ ተሸክመው ያመጡታል። የሟች ልጆች የቆቅ ጫጩቶች ይሁኑ፤ ድምፃቸው ቀጭን ስለሆነ ለለቅሶ ያምራል። ራስጌው ቆመው ያልቅሱለት።

ቆቅ ጫጩቶቿን ወደ ራሷ ሰበሰበች። “መጥቶ ስሙን ለአባ ከበሮ አይነግርም?” አለች።

“‘ሬሳ ምን ስም አለው’ ብሏል” አለች ፍየል እየሳቀች።

ቆቅ እምቢ ማለት ፈለገች። ነገር ግን ጨዋታ የረበሸ ከአውድማው ይባረራል። ከተባረረች ጫጩቶቿ ምን ይለቅማሉ? ዝም ካለች ደግሞ ራስጌው ሊቆሙ ነው። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ይዘው ሲሄዱ ቀስ ብላ ወደ ከበሮው ተጠጋች።

“አባ ከበሮ፣ ቀበሮ ዛሬ ምልክት ትቷል?”

“ትናንት ትቷል። ከትናንት ወዲያም ትቷል። ዛሬ ምንም አልተወም።”

ቆቅ ከደረቷ አንድ ላባ ነቀለች። ድምፅዋ ትንሽ ስለነበር አጠገቧ ከነበረው ከበሮ በቀር የሰማት የለም። “እኔ ቆቅ ነኝ፤ አሁን ክንፏ የተሰበረ ሐዘንተኛ እሆናለሁ” አለች። ከዚያ ጫጩቶቿን ጠርታ፣ ክንፏን መጎተት ስትጀምር ዞር ብለው ሳያዩ ጭዱ ውስጥ እንዲገቡ ነገረቻቸው።

ቃሬዛው መጣ። ቀበሮ ምላሱን አውጥቶ ተዘርግቷል። አህያ አለቀሰ፣ ፍየል አለቀሰች። ጫጩቶቹ ተራ በተራ ወደ ራስጌው መሄድ ጀመሩ። የፊተኛዋ አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆቅ እየጮኸች ደርሳ መሬት ላይ ተፈጠፈጠች። “ወየው፣ ክንፌ ተሰበረ!” ብላ ክንፏን አቧራው ላይ ጎተተች።

ሟቹ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ጉርሻ የማይሞሉ ስድስት ጫጩቶችና መብረር የማትችል አንዲት የሰባች እናት አየ። ዘሎ ተነሣ።

ቆቅ እያነከሰች ሮጠች። ቀበሮ ተከተላት። ጥርሱ ጅራቷን ሊነካ ሲል ትንሽ ፈጠነች፤ ሊተዋት ሲል ትንሽ ቀስ አለች። እንዲህ እያደረገች የአውድማው እሾህ አጥር ድረስ ወሰደችው። እዚያ ስትደርስ ሁለቱን ክንፎቿን ዘርግታ ከአጥሩ በላይ በረረች። ቀበሮ ግን መቆም አልቻለም፤ እሾሁ ውስጥ ገባ።

“ተጫውቼ እኮ ነው፣” አለ እያቃሰተ። “ሟች ተነሣ ብላችሁ እንድትስቁ ነው። ይልቅ እሷን ተመልከቱ፤ ክንፏ ደኅና ነው። አስመሳይ እሷ ናት።”

ፍየል ግራ ገባት። ቀበሮን አየች፤ ዞራ ቆቅን አየች። ይህን ጊዜ አባ ከበሮ ማንም ሳይመታው ተናገረ።

“የቆቅ ላባ ይኸው ላዬ ላይ ነው። ስሟን ነግራኝ ነው ሌላ የሆነችው። አንተ ግን እሷ ስሟን ስትናገር ከጉብታው ጀርባ ነበርክ። መጥተህ ስምህን ብትናገር ኖሮ ላባዋን ታየው ነበር።”

ቆቅ ላባዋን አነሳች፤ ጫጩቶቿን ከጭዱ ጠራች፤ ስድስቱም ወጡ። ቀበሮ እሾሁን እየነቀለ ሸለቆውን ለቆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ፍየል እንኳ ጥላዋን ማነህ ማለት ጀመረች ይባላል።

የሚጫወት ስሙን ነግሮ ሌላ ይሆናል፤ የሚያስመስል ግን ስሙን ደብቆ ራሱን ሆኖ ይገኛል። ቆቅ እስከ ዛሬ፣ ልጆቿ አጠገብ የማታውቀው ሰው ሲደርስባት ክንፏን ትጎትታለች። ያጋጠመችው ሰው አይከተላት፤ ቆሞ ስሙን ይንገራት።

እኔም ተረቴን ከበሮው ላይ አኑሬያለሁ፤ ስሙን የሚናገር ያንሳው።