የመሪው ጥፋት

በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ምላሷ ከብየዳዋ ይልቅ የሚያቃጥል አንዲት በያጅ ነበረች። ከውድቅዳቂ ብረትና ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ሞተር ትንሽ የውድድር መኪና ሠርታ በበዓል ቀን ወደ ኳስ ሜዳ አወጣቻት። ከንቲባው አቶ ኩራባቸው ግን ማንንም ሳያስቀድሙ ራሳቸው ገብተው ነዷት። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ መኪናዋ አልታጠፍ ብላ ከነክብራቸው ቦይ ውስጥ ይዛቸው ገባች።

በያጇ መኪናዋን ወስዳ መረመረቻት። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ስለሚታጠፉ፣ ሲዞሩ አንዱ ሌላውን ይጎትተው ነበር። መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙትን ብረቶች ቆርጣ፣ በውስጥ በኩል ያለው ጎማ የበለጠ እንዲታጠፍ አድርጋ በየደቻቸው። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ በጠባብ ቦታ ሁሉ እንደ ልብ ትዞር ጀመር።

ከንቲባው ይህን ሲሰሙ ቦይ የገቡ ቀን የከተማው ሰው የሳቀባቸው ትዝ አላቸውና በያጇን በሕዝብ ፊት አስጠሯት።

"ያን ቀን ጥፋቱ የማን ነበር? የእኔ ነው ወይስ የመኪናሽ?"

ነገሩ ገባት። የእርስዎ ብትል ድፍረት ነው፤ የመኪናዬ ብትል መኪናዋ ልትወረስ ነው። እጅ ነሥታ፣

"ክቡር ከንቲባ፣ መኪናዋማ ምን ታድርግ? ጥፋቱ የመሪው ነው" አለች።

ከንቲባው ደስ አላቸው። ወደ ሕዝቡ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ በማድረግ፣ "ሰማችሁ አይደል? ጥፋቱ የመሪው ነው" አሉ። ሕዝቡ አፉን በእጁ ሸፈነ።

"ታዲያ አሁን አስተካከልሽው?" ሲሉ ጠየቋት።

"የመኪናዋን እንኳ አስተካክዬዋለሁ" አለች።