የአሮጌው መኪና ድርሻ

አቶ መሸሻ የሚባሉ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ በእጃቸው ሁለት መኪና ነበራቸው። አዲሷ ከግቢ እምብዛም ሳትወጣ ዘይቷ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። አሮጌው ፒክአፕ ግን ገጠር ለገጠር ሲንከራተት ይውላል። ሾፌሩ "ጌታዬ፣ የዚህም ዘይት ጠቁሯል፤ ይቀየርለት" ባለ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፦ "ከአዲሷ የወጣውን ጨምርለት። አሮጌ ደግሞ ምን ያማርጣል!"

አንድ ቀን ገጠር ወርደው ትምህርት ቤት ሊመርቁ ሆነ። መንገዱ አዲሷን እንዳይቧጭርባቸው ብለው፣ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ፒክአፑ ውስጥ ገቡ። ሕዝቡ የሚጠብቃቸው ዳስ በሩቅ ሲታይ ሞተሩ አጓርቶ ቀጥ አለ።

ኃላፊው ጦፉ። "ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ዛሬውኑ ትባረራለህ! የመኪናው ከሆነ ለቁራሌው ይሸጣል፤ ያኔም የምትነዳው የለምና ትባረራለህ። በል ተናገር፣ የማን ጥፋት ነው?"

ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ አየና ቀስ ብሎ ዘጋው።

"አኩርፎ ነው ጌታዬ።"

"መኪና ያኮርፋል እንዴ?"

"እንዴታ! በአገራችን ሽማግሌ ቀድሞ ይበላል፣ ልጅ ትራፊውን ይጠብቃል። እርስዎ ዘንድ ግን ልጅቷ ተቀምጣ ስትበላ፣ ሲለፋ የሚውለው ሽማግሌ የእሷን ትራፊ ሲጎርስ ኖረ። ታዲያ ቢያኮርፍ ይፈረድበታል?"

"እሺ፣ አሁን ምን ይሻላል?" አሉ ኃላፊው ዳሱን እያዩ።

"ያኮረፈ ሽማግሌ ይቅርታ የሚጠየቀው ጎንበስ ተብሎ ነው። እኔ መሪውን ልያዝ፤ የበደሉት እርስዎ ነዎትና ከኋላው ጎንበስ ይበሉና እስከ ዳሱ ድረስ ይግፉት።"