ዝግባው ላይ የሚኖረው ዕድል

አንድ መሬት የሌለው ሰው በማር ልደር ብሎ ተነሣ። አገሩ ሁሉ ሳቀበት። እሱ ግን ከረጃጅም ዝግባ ላይ እየወጣ ቀፎ ሲሰቅል፣ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሲነሣ፣ ፊቱ በንብ ሲያብጥ ኖሮ በአሥረኛው ዓመት ከሠላሳ ቀፎ ማር ቆረጠ።

የአገሩ ገዥ ቀኛዝማች ተድባቡም አንድ ቀፎ ነበራቸው። አስተዋይ ሰው ናቸውና፣ ንቦቹ ቤቱ እንዳይጠፋባቸው ብለው ከሚጋደሙበት በረንዳ ላይ አንጠለጠሉት። አሥር ዓመት ሙሉ ጋደም ብለው ጠበቁ፤ የገባችላቸው አንዲት ሸረሪት ብቻ ናት።

በመጨረሻ ሰውዬውን አስጠሩት።

«አንተ! ንብ የሚመጣልህ ዕድለኛ ስለሆንክ ነው። ድሃ ደግሞ ዕድል ምን ያደርግለታል? በል ዕድልህን አስረክበኝ፤ አለዚያ ሠላሳውንም ቀፎ እወርሰዋለሁ!»

የአሥር ዓመት ልፋቱ በሰውዬው ዓይን ላይ ዞረ። ደግነቱ፣ ፊቱ ሁሉ ሲነደፍ ምላሱ ተርፎ ነበር። እጅ ነሥቶ፣

«ይውሰዱት ጌታዬ፣ ምን ከፋኝ!» አለ። «ብቻ ዕድሌ የሚኖረው እዚያ ዝግባ ጫፍ ላይ ነው። ሁልጊዜም ወጥቼ ነው የማገኘው፤ አንድ ቀን እንኳ ወርዶልኝ አያውቅም። ይውጡና ይረከቡት።»

ቀኛዝማች ዝግባውን አዩ፤ ቦርጫቸውን አዩ፤ ዝግባውን ደግመው አዩ።

«አሽከሬ ቢወጣልኝስ?»

«ይውጣ እንጂ ጌታዬ! ግን ዕድሌ ጠባየ ክፉ ነው፤ የሚያውቀው የወጣውን ሰው ብቻ ነው። ያን ጊዜ እርስዎ ከአሽከርዎ ደጅ ሊጠኑ ነው።»

ቀኛዝማች ተመልሰው በረንዳቸው ላይ ጋደም አሉ።

«ሂድ» አሉት፣ «ለእኔስ ሸረሪቴ ትበቃኛለች።»