የሙሽራዋ ጀርባ

አንዲት ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ሃያ አራት፣ ፊቷ እንደ ተላጠ እንቁላል የጠራ። ጀርባዋን ግን ከእናቷ በቀር ያየው ሰው የለም።

ከተማዋን አልጠራም፤ ዘመዶቿ በሕይወት አሉ። ሙቀቷን ግን እነግራችኋለሁ፦ ገና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሸሚዝ ገላ ላይ የሚለጠፍባት ቆላ ናት። ሴትየዋ የምትሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ የደንብ ልብሱ ናይለን። ቀኑን ሙሉ ወንበሩን ተደግፋ ዚፕ ስትገጥም ትውላለች። ቤቷ ገብታ ልብሷን ስታወልቅ ጀርባዋ፣ ትከሻዋና ደረቷ በብጉር ተሞልቷል።

ብጉር ነው እንግዲህ። «ስብከት ላይ ብጉር ምን ይሠራል?» የምትሉ አላችሁ። ወንድሜ፣ ከኋላ ረድፍ ስትስቅ አይቼሃለሁ። ሳቅ፣ ግድ የለም። እኔም ታሪኩ ሲነገረኝ እስከ መሐሉ ድረስ ስቄያለሁ።

ይህች ሴት ታጭታለች። እጮኛዋ ይኸነው ይባላል፤ መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነው። ሠርጉ ለጥር መጨረሻ እሑድ ተቆርጧል። ጥቅምት ላይ የሙሽራ ልብስ ልትለካ ሄደች። አዲስ የገባው ልብስ ከኋላው እስከ ወገብ ድረስ ክፍት ነው። የልብሱ አከራይ የሴትየዋን ሸሚዝ ገለጥ አድርጋ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ! እህቴ፣ ምን በላሽ?»

«ሙቀት ነው።»

«ሙቀት? እኔስ የምኖረው የት ነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች ሴት አንድ ነገር ብቻ ተመኘች። መዳን እንዳይመስላችሁ። ሦስት መቶ እንግዳ ፊት ጀርባዋን ሰጥታ ስታልፍ ማንም ሰው «ውይ!» እንዳይል ብቻ ተመኘች።

እኛስ? እኛ የምንለምነው መዳንን ነው ወይስ አለመታየትን?

መድኃኒት ፍለጋ ተጀመረ። የሥራ ባልደረባዋ «በጨውና በሎሚ እሺው» አለቻት። አሸችው። ሌላዋ «የሚወጣው ቆሻሻ ስለሆነ ነው፤ ፈትጊው» አለቻት። በጆንያ ክር ፈተገችው፤ ደም እስኪል ፈተገችው። ሦስተኛዋ «የጥርስ ሳሙና ያደርቀዋል» አለች። ቀባችው። ጀርባዋ ለሁለት ቀን ያህል እንደ አፍ ሸተተ፤ ብጉሩ ግን እንዳለ ነው። የበሰለውን ደግሞ እጇ እስከደረሰ ድረስ በጥፍሯ አፈረጠችው። አንዱ ሲፈርጥ ሦስት ይወጣል።

ከዚያ ገበያ ሄደች። አንዲት ሴት ነጭ ቅባት በትንሽ ብልቃጥ ትሸጣለች። ብልቃጡ ላይ ስም የለም፤ የተሠራበት ቀን የለም።

«ምንድን ነው ያለበት?» አለቻት።

«ምን አገባሽ? በሳምንት ውስጥ ራስሽ መጥተሽ ታመሰግኚኛለሽ።»

እውነትም በሳምንቱ ሄዳ አመሰገነቻት። ብጉሩ ከስሞ፣ ጀርባዋ ለስልሶ ነበር። እልል አለች። በአራተኛው ሳምንት ብጉሩ ዘመድ አዝማዱን ይዞ ተመለሰ። ቆዳዋ ሳስቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሆነ፤ ላብ ሲነካው እንደ እሳት ያቃጥላታል። እሷስ ምን አደረገች? ሁለተኛ ብልቃጥ ገዛች።

አሁን ደግሞ እናቷን ልንገራችሁ። እትዬ የሺመቤት ይባላሉ። ባላቸው ቀድመው ሞተዋል፤ ልጃቸው ይህችው ናት። እናት ለሙሽራ ልጇ ምን ታደርጋለች? ቅቤ ትቀባታለች። እትዬ የሺመቤትም ቅዳሜ ቅዳሜ ከደጋ የመጣ ለጋ ቅቤ ልጃቸው ራስ ላይ ይጭኑና በሻሽ ያስሩላታል። እስከ ሰኞ አይታጠብም፤ በዚህ አትቀልዱባቸው፤ የወጉ ነው፣ የፍቅር ነው።

ቅቤ ግን አገር ይለያል። ደጋ ላይ ራስ ላይ ይቀመጣል። ቆላ ላይ ይወርዳል። በአንገት፣ በትከሻ፣ ወደ ጀርባ። ልጅቷ ከታች በሎሚ ትፈትጋለች፤ እናት ከላይ ቅቤ ያፈስሳሉ። ሁለቱም ይደክማሉ። ሁለቱም ይጸልያሉ።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሴትየዋ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተር መሠለች የምትባል ነርስ ጀርባዋን በደንብ አየችው። «ውይ» አላለችም። ጠየቀች።

«ፊትሽ ላይ የለም። ከአንገትሽ በታች ነው የሞላው። ራስሽን ምን ትቀቢያለሽ?»

«ቅቤ። እናቴ ናት የምትቀባኝ።»

«ንገሪያቸውና ይቅር። መፈተጉም ይቅር። አታፍርጪው። ያንን ብልቃጥ አምጪልኝ፣ ልየው፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን አትቀቢው። ከሥራ ስትመለሺ ላብሽን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጠቢ፤ በእጅሽ ብቻ። ናይለኑን ወዲያው አውልቂ፣ ጥጥ ልበሺ። ቆዳሽ ትንሽ ሲረጋ ይህን ቅባት በስሱ ትጀምሪያለሽ። አንሶላሽን ያነጣዋል፤ እንዳትደነግጪ።»

«በስንት ቀን ይድናል?»

«ሁለት ሦስት ወር ታገሺው። መጀመሪያ ላይ ምንም ያልሠራ ይመስልሻል፤ እንዳታቋርጪ።»

«ሲስተር፣ ሠርጌ እኮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው!»

«ሠርጉን ምንም አላመመውም። የታመምሽው አንቺ ነሽ። ጀርባው የተሸፈነ ልብስ የላቸውም?»

«አለ። ፋሽኑ ያለፈበት ነው።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህች ሴት እውነቱን ሰምታለች። መድኃኒቱን በእጇ ይዛለች። የጎደላት ጊዜ ብቻ ነው፤ ጊዜውን ደግሞ የያዘው የጥሪ ካርድ ነው።

ቤት ገብታ ለእናቷ ነገረቻቸው።

«ቅቤ?» አሉ እትዬ የሺመቤት። «ደግሞ ቅቤ ጠላት ሆነ? በሕፃንነትሽ ራስሽን ሲያምሽ ያቺ ነርስ ነበረች ያዳነችሽ?»

«እማዬ፣ ወደ ጀርባዬ እየወረደ ነው አለችኝ።»

«ይውረዳ! ጀርባሽስ የእኔ ልጅ ጀርባ አይደለም?» ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ፣ ይሄ ብጉር አይደለም። ደምሽ ነው የቆሸሸው። የውስጥ ነገር በውጭ ቅባት አይድንም። ዋግምት ነው የሚሻልሽ።»

ዋግምት የማታውቁ ልጆች ካላችሁ፦ ጀርባ በምላጭ ይበጣል፤ በላዩ ቀንድ ይደፋል፤ አየሩ በአፍ ይመጠጥና ደም ይወጣል። «መጥፎው ደም ወጣ» ይባላል። ጥሩው ደም እንዴት ተለይቶ እንደሚቀር እስካሁን የነገረኝ የለም።

ባለ ዋግምቱ ጋሽ ጫንያለው ክፉ ሰው አልነበሩም። ምላጩን ከወረቀቱ አውጥተው ጀርባዋን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የሺመቤት፣ ይሄ ጀርባ አይነካም። መግል ይዟል።»

«ጋሽ ጫንያለው፣ እባክዎ። ሠርጓ ደርሷል።»

«መቼ ነው?»

«እሑድ ሳምንት።»

ምላጩን አገላበጡት። ከዚያ፣ «እንግዲህ ሠርግ ከሆነ…» አሉ።

አያችሁ? ይህች ቃል የማትከፍተው በር የለም። ሠርግ ከሆነ። ሰው ከሰማ። ስማችን እንዳይጠፋ። የሚያውቅ ሰው «ተዉ» ይላል፤ ሠርግ ከሆነ ግን ምላጩን ያነሣል።

ጀርባዋን በምላጭ አሥራ ሁለት ቦታ በጡ። ጥቁር ደም ወጣ። እናት ጥቁረቱን አይተው «ተመስገን» አሉ። ወገኖቼ፣ የማንኛችንም ደም ቀንድ ውስጥ ሲረጋ ይጠቁራል። ከዚያ ቤት ወስደዋት ቁስሉ እንዳይደርቅባት ብለው ምን ቀቡበት? ታውቁታላችሁ።

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ልጅቷ፣ «እማዬ፣ ይበርደኛል» አለች። በዚያ ቆላ።

«የሙሽራ ፍርሃት ነው። እኔም አባትሽን ሳገባ በርዶኝ ነበር።»

እሑድ ደረሰ። ፀጉር ሠሪዋ ጀርባዋን አይታ የመኳያ ሣጥኗን ከፈተች፤ ሥራዋ ነው። የፊት መኳያውን ጀርባዋ ላይ በወፍራሙ ለሰነችው። ሙሽራዋ ጥርሷን ነክሳ ቆመች። ቪዲዮ ቀራጩ፣ «ሙሽሪት፣ ፈገግ! አሁን ዞር በይ፣ ልብሱ ከኋላ ይታይ!» አላት። ዞረች። ሦስት መቶ ሰው አየ። አንድም ሰው «ውይ!» አላለም።

የተመኘችው ሆነላት።

ይኸነው ቀለበት ሲያጠልቅላት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እጅሽ ያቃጥላል። አሞሻል እንዴ?»

«ደስታ ነው» አለችው።

ሰኞ ጠዋት አቅፏት ሆስፒታል ሮጠ። ሐኪሙ ጀርባዋን ገልጦ አየና «ይህን ስትሆን የት ነበራችሁ?» አለ። የቁስሉ መርዝ ወደ ደሟ ገብቶ ነበር። እናቷ ቆሽሿል ያሉት ደም ያን ጊዜ እውነትም ቆሸሸ። ረቡዕ ሞተች።

ረቡዕ የመልስ ቀን ነበር። ዕድሩ ድንኳኑን አልነቀለውም፤ መንቀልና መልሶ መትከል ድካም ነው ተባለ። የተንጠለጠለውን ፊኛ ብቻ አወረዱ። እሑድ ሊበሉ የመጡት ሰዎች በዚያው ወንበር ላይ ሊያለቅሱ ተቀመጡ። የሚገንዟት ሴቶች ገላዋን አጠቡ። በጆንያ ክር አልፈተጓትም። ለብ ባለ ውኃ፣ በእጃቸው ብቻ፣ ቀስ ብለው አጠቧት። ያን ጀርባ በእርጋታ የነካው የመጀመሪያው እጅ የገናዥ እጅ ነው።

ይኸነው መቃብሩ ዳር ቆሞ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? አላለቀሰም። ሲስተር መሠለች ያለችውን ሰምቶ ነበር። እትዬ የሺመቤትን አያቸውና፣ «ሦስት ወር እኮ ነው፣ እማማ። ለምን አልነገራችሁኝም? ሦስት ዓመትስ ቢሆን መቼ እንቢ አልኩ?» አለ።

እትዬ የሺመቤት ሻሻቸውን ካወለቁ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቅቤ የሚባል ነገር ቤታቸው አይገባም።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

መጀመሪያ፣ ይህን የነፍስ ነገር ብቻ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። የቆዳም ነው። ገላችሁ ላይ ብጉር ያለባችሁ ልጆች አላችሁ፤ በዚህ ሙቀት እስከ አንገታችሁ የቆለፋችሁ። አትፈትጉት። አታፍርጡት። ስም የሌለው ብልቃጥ አትግዙ። ሄዳችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ኃጢአት አይደለም፤ ቆዳ ነው። እግዚአብሔር በብጉር ሰው አይቀጣም፤ ጊዜውም የለውም።

ከዚያ ወደ ውስጥ እንግባ። ከላይ እያፈሰሱ ከታች የሚፈትጉ እዚህ ስንት ናቸው? ቀኑን ሙሉ ሚስቱን ሲሰድብ የሚውል አባት፣ ልጁ ሲሳደብ ጊዜ በቀበቶ ይገርፈዋል፤ «ይህን ከየት ተማርከው?» ይለዋል። ከየት ይማረው? ከላይ ወረደበት እንጂ! «ልጄ ውሸታም ሆነችብኝ፣ ጸልዩላት» የምትይ እናት፣ በሩ ሲንኳኳ «የለችም በያቸው» ብለሽ የምትልኪያት አንቺ አይደለሽም? እንጸልይላታለን። ግን አንቺ ሻሹን ፍቺው።

ስም የሌለው ብልቃጥ ደግሞ በእኛም መድረክ ይሸጣል። «በሳምንት ትድናላችሁ» የሚል ሰባኪ ስትሰሙ አራተኛውን ሳምንት ጠይቁት። እኔንም ጠይቁኝ። እውነተኛ ፈውስ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ላይ ምንም ያልሠራ ይመስላል። ብዙዎቻችን የምናቋርጠው እዚያ ጋ ነው።

ይህችን ሴት ማን ገደላት? እናቷ? ይወዷታል። ጋሽ ጫንያለው? አስጠንቅቀዋል። አከራይዋ? «ውይ» ነው ያለችው። እኔ ግን ሦስት መቶውን እንግዳ አስባለሁ። አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም፤ በልተው፣ ጨፍረው፣ መርቀው ሄዱ። እሷ ግን እነሱን ፈርታ ሞተች። ወገኖቼ፣ እኛ የማን እንግዶች ነን? ዛሬ በዚህ ከተማ እኛን ፈርቶ ቁስሉን በመኳያ የለሰነ ማን ነው?

ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የምታደርጉት ነገር አለ። ልጃችሁን፣ እህታችሁን፣ ባላችሁን፣ «የሚያምህን አሳየኝ» በሉት። ካሳያችሁ «ውይ» አትበሉ። እጃችሁንም አትስደዱ፤ የምታውቁትን መድኃኒት ሁሉ ለአንድ ቀን ለራሳችሁ ያዙት። ወደሚያውቅ ሰው ይዛችሁት ሂዱና «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብላችሁ ጠይቁ። የተባላችሁትን ጊዜ ስጡት። ድግስ ተጠርቶ ከሆነ ለእንግዶቹ «ቆዩ» በሏቸው። ያማሉ፤ ይሙ። እኔ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ። ሠርግ ስለዘገየ የሞተ ግን አልቀበርኩም።