ጥጃ የሆነው አያ ጓንጉል

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ፤ የዛሬው ጉድ በረት ውስጥ ነውና።

ድሮ ድሮ፣ ስሙ በጠፋብኝ አገር፣ አያ ጓንጉል የሚባል ስስታም ነበር። ስስቱስ ለጉድ ነው! ዝንብ እርጎው ላይ ብታርፍ እግሯን ልሶ ነበር የሚለቃት። ዳልቻ የምትባል ላም ነበረችው። ዳልቻ ስትታለብ መጀመሪያ ጥጃዋ ትንሽ ይጠባል፤ ያን ጊዜ ግቷ ይሞላል፤ ከዚያ ጓንጉል ያልባል። ታዲያ ያቺ የጥጃው ጉንጭ አንገበገበችው። «ወተቴን ጨረሰው!» ይላል፣ ከራሱ ጡት የሚጠባ ይመስል።

አንድ ማለዳ ጥጃውን እየጎተተ ወንዝ ማዶ ወሰደና አክስቱ ቤት አስሮት ተመለሰ። ሚስቱን ይታይሽን «ከእንግዲህ ወተቱ ሁሉ የኛ ነው» አላት።

የምን ወተት! ዳልቻ በረቱን እየዞረች «እምቧ! እምቧ!» አለች። ሳር ቢያቀርቡላት አፏን አዞረች፤ ጨው ቢሰጧት አልቀመሰችም። ያቺ የዋህ ላም፣ ጓንጉል ማለቢያውን ይዞ ሲጠጋት በእርግጫ ብላ እሱንም ማለቢያውንም አጋደመቻቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጥጃዋን አምጣላት» አለችው ይታይሽ። «እናት ናት እኮ፣ አንጀቷ ተላውሷል።»

«ዝም በይ! ከብት ምን ያውቃል? አታልላታለሁ» አለ።

በዚያ አገር ጥጃዋ የሞተባት ላም እንዳትነጥፍ ቆዳውን ገለባ ሞልተው ፊቷ ያቆሙላታል፤ እሷም እሱን እየላሰች ትታለባለች። ጓንጉልም ከጎረቤት የሞተ ጥጃ ቆዳ ለምኖ፣ ገለባ ጠቅጥቆ ዳልቻ ፊት ገተረው። ዳልቻ አሸተተችው።

«ይሄስ ያንተ ዘመድ ነው፤ ሆድ እንጂ ልብ የለውም» አለችና በቀንዷ ዘረገፈችው።

ብልጥ ነኝ ባይ መቼ ያርፋል? ጓንጉል ገለባውን አራግፎ ቆዳውን ራሱ ለበሰ። እየዳኸ በረት ገባና «እምቧ» አለ። ዳልቻ ወዲያው አወቀችው፤ ጥጃ ጠላ ጠላ ይሸታል እንዴ?

«ልጄ ከሆንክ ልላስህ» አለችው። በዚያ ሻካራ ምላሷ ጆሮውንም መላጣውንም ፈገፈገችው። ዓይኑ እንባ ቢያቀርርም ስለ ወተቱ ብሎ ቻለው።

«ልጄ ከሆንክ ሳር ብላ» አለችው። እያቅለሸለሸው ጋጠ።

«ልጄ ከሆንክ ዝለል» አለችው። ጉልበቱ ቋ ቋ እያለ ዘለለ። ይታይሽ ይህን በአጥር ቀዳዳ አይታ፣ ሳቋን በነጠላዋ አፍና ጎረቤት ልትጠራ ሮጠች።

ለካ የቆዳው ሽታ ሌላም እንግዳ ጠርቶ ኖሯል! ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ጅቦ በበረቱ በር ብቅ አለ። «እሰይ፣ የሰባ ጥጃ!» አለና ምራቁን ዋጠ።

«እናቴ ዳልቻ፣ ድረሺልኝ!» ብሎ ጮኸ ጓንጉል።

ዳልቻ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ፣ «ልጄ ከሆንክ እሞትልሃለሁ» አለችው። «ጓንጉል ከሆንክ ግን፣ ልጄ የት አለ?»

«ወንዝ ማዶ ነው! አክስቴ ቤት! ነገ አመጣልሻለሁ፤ ባላመጣ ጅብ ይብላኝ!»

«አሜን!» አለ አያ ጅቦ።

ይህን ጊዜ ዳልቻ ቀንዷን አስቀድማ ተወረወረችበት። አያ ጅቦም ጅራቱን ወትፎ እግሬ አውጪኝ አለ። ይታይሽ ጎረቤቶቿን አስከትላ ስትደርስ፣ የቤቱ አባወራ የጥጃ ቆዳ ለብሶ፣ ላም ሆድ ስር ተወሽቆ «እናቴ፣ እናቴ» ይላል። የሳቁን ነገር ተዉት!

በነጋው ጓንጉል ሳይወድ በግዱ ጥጃውን አመጣ። ዳልቻ የጥጃዋን ድምፅ ገና ከሩቅ ስትሰማ ግቷ ሞልቶ ወተቷ ተንጠባጠበ። ልሳ ልሳ አልጠግብ አለች፤ ደስታዋ በዓይኗ ይታይ ነበር። ጥጃው ጠብቶ እስኪጠግብ ጓንጉል ማለቢያውን ታቅፎ በር ላይ ጠበቀ፤ ቀድሜ ልለብ ቢልማ ቀንዷን ያውቀዋል። ጎረቤቶቹም እስኪሞት ድረስ «ጥጃው ጓንጉል» እያሉ ጠሩት።

እንግዲህ የኔን አፍ በእርጎ አብሱልኝና ይህቺን ያዙ፦ ጥጃ ነጥቆ ወተት፣ ዘር ቆርጥሞ ምርት።